ጥቁሩን አትንኩት

ጋሽ ጀምበር የተገኘው ከገደሉ ሥር፣ በጎኑ እንደተኛ፣ አንድ እጁን እንደ ትራስ ከጭንቅላቱ በታች አድርጎ ነው። ማለዳ ለእግር ጉዞ የወጡ ባልና ሚስት ያሸለበ ሰው መስሏቸው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሊያልፉት ነበር። ከበላዩ፣ ከገደሉ አፋፍ ላይ፣ ካሜራው በሦስት እግሩ ቆሞ አሁንም ወደ ምዕራብ ያያል።

ቅጽል ስሙን ያገኘው ከሥራው ነው። ዕድሜውን ሙሉ ፀሐይ ስትጠልቅ ሲያነሳ የኖረ ሰው፣ እናቱ ባወጣችለት ስም የሚጠራው ቢጠፋ አይገርምም። የእሱ ፎቶ ያልተሰቀለበት ባንክ፣ የእሱ ፎቶ ያልተሰቀለበት የሐኪም ቤት ተራ መጠበቂያ በከተማው አልነበረም። አዲሱ ኤግዚቢሽኑ ሊከፈት ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው እንግዲህ ሰውየው ራሱ የጠለቀው።

የፖሊስ አዛዡ ነገሩን እዚያው በጠዋቱ ጨርሶታል። ሐኪሙ «የሞተው እኩለ ሌሊት ገደማ ነው» ብሏል። በስቱዲዮው ኮምፒዩተር ላይ ደግሞ የዚያኑ ምሽት ፎቶ፣ ቀለሙና ብርሃኑ ተስተካክሎ ተገኝቷል። ስለዚህ ጋሽ ጀምበር ጀምበሯን አንስቷል፤ የካሜራውን ካርድ ይዞ ቤቱ ተመልሷል፤ ፎቶውን አሳምሯል፤ ከዚያ በድቅድቅ ጨለማ ወደ ገደሉ ሄዷል።

«ራሱን ነው የገደለው» አለ አዛዡ። «መዝገቡን ዝጊውና እረፊ።»

መርማሪዋ ግን መዝገቡን አልዘጋችም። በመሥሪያ ቤቱ «ወይዘሮ ለምን» ነው የሚሏት። ባሏ እንኳ «ጨው አቀብይኝ ስላት ለምን ትለኛለች» እያለ ለጎረቤት ያማታል።

«ካርዱን ብቻ ይዞ ካሜራውን ለምን ጥሎት ሄደ?» አለች።

«ሊመለስ አስቦ ነዋ።»

«ተመልሶ ሊሞት ያሰበ ሰው ፎቶ ለምን ያሳምራል?»

አዛዡ ኮፍያውን አነሳ። «በይ እንግዲህ፤ አንቺን ማን ይችልሻል!» ብሎ ወጣ።

የሟቹን ባለቤት ስቱዲዮው ውስጥ አገኘቻት። ከኮምፒዩተሩ ፊት የእሱ ወንበር ባዶውን ቆሟል፤ እሷ ግን ከጎኑ ባለች በርጩማ ላይ ኩርምት ብላ ተቀምጣለች። ስልሳ የተጠጋት ሴት ናት። ያለቀሰችው በደንብ ስለነበር ዓይኖቿ ዙሪያቸው ቀልቷል።

«ያን ዕለት የት ነበሩ?»

«እህቴ ታማብኝ ወደ ማምሻው አውቶቡስ ይዤ ሄድኩ። እሱን ደህና ሁን ብዬው ነው የወጣሁት። ጠዋት ደወሉልኝ።»

«በጨለማ የመውጣት ልማድ ነበራቸው?»

«በፍጹም! ጀምበር ከገባች በኋላ ከደጃፍ አያልፍም ነበር።»

«ለምን?»

ሴትየዋ እጆቿን አፋተገች። «ማንም እንዳይሰማ አስምሎኛል። ግን ከእንግዲህ ለማን ብዬ ነው ሆዴን የማስፈጀው? ዓይኑን ሞራ ጋርዶት ነበር። ይቀደድ ሲሉት ‹ዓይኔን ለቢላ አልሰጥም› ብሎ እምቢ አለ። ወንድሙም ተማሪውም አያውቁም። ሰው ትከሻ ላይ እጁን ጣል አድርጎ ሲሄድ ፍቅር ይመስላቸዋል። ፍቅርም ነው፤ ግን መንገዱ አይታየውም።»

«ታዲያ እነዚህን ፎቶዎች እንዴት አድርገው ያስተካክሉ ነበር?»

ባለቤቱ ኮምፒዩተሩን ከፈተችና አንድ ፎቶ አወጣች። በከተማው ሁሉ የሚታወቅ ፎቶ ነው፤ የጋለ ብርቱካናማ ሰማይ፣ ከበታቹ ጥቁር ኮረብታ። አንዲት ቁልፍ ስትነካ ግን ብርቱካናማው ጠፋና ሰማዩ ሰማያዊ ሆነ፤ ጀምበሯም የክረምት ጨረቃ መሰለች።

«የእሱ ሥራ ይኼ ነው» አለች። «ሞራው ሁሉን ቡናማ አድርጎ ነው የሚያሳየው። ሰማዩ ቆሽሾ ይታየውና፣ ጠራ እስኪልለት ድረስ ሰማያዊ ይጨምርበታል። ብርሃኑንም ያበዛዋል፤ ደመናው ነጥቶ ይጠፋል። እሱ ለምሳ ሲነሳ እኔ እቀመጣለሁ። የሠራውን አልነካበትም፤ በላዩ ሌላ ማስተካከያ ደርቤ ሙቀቱን እመልሳለሁ፣ ብርሃኑን አወርዳለሁ። የስክሪኑንም ብርሃን እስከ ጫፍ ስለሚያደርገው፣ ዝቅ አድርጌ እሠራና እንዳያውቅብኝ መልሼ እስከ ጫፍ ከፍ አደርግለታለሁ።»

«አላወቁም?»

«እሱን እኮ ነው ራሴን የምጠይቀው!» እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። «አውቆብኝ ቢሆንስ? ሚስቴ ታሞኘኛለች ብሎ አፍሮ፣ እኔ የሌለሁበትን ቀን ጠብቆ ቢሆንስ? እኔ ልሆን እችላለሁ እኮ የገደልኩት።»

መርማሪዋ ከበርጩማዋ አጠገብ ቁጢጥ አለች። እጇን ትከሻዋ ላይ አድርጋ በቀስታ «የመጨረሻውን ፎቶ እንየው» አለቻት።

ባለቤቱ እስካሁን ለማየት አልደፈረችም ነበር። ፎቶው ሲከፈት ሁለቱም ወደ ስክሪኑ ተጠጉ። ሰማዩ ልክ ነው፤ ብርቱካናማው የጋለ፣ ደመናው ያልነጣ። ከፊት ለፊት ካሉት ድንጋዮች ሥር እያንዳንዱ ሰበዝ ሣር ይታያል።

«ማስተካከያው አንድ ብቻ ነው» አለች ባለቤቱ ግራ ተጋብታ። «ከሥሩ ሌላ የለም። ሰማያዊው የታለ?»

«የስክሪኑን ብርሃን ዝቅ ያደረጉት እርስዎ ነዎት?»

«እኔማ ከወጣሁ ወዲህ ዛሬ ነው የከፈትኩት። ፖሊሶቹም ፎቶውን ከማየት በቀር የነካነው የለም ብለውኛል። አሃ፣ እውነትም ዝቅ ብሏል!»

የስቱዲዮው ቁልፍ ከሟቹ ሚስት ሌላ በሦስት ሰዎች እጅ ነበር፤ በተማሪው፣ በኤግዚቢሽን አዳራሹ ባለቤትና በታናሽ ወንድሙ። ሦስቱም ያን ዕለት ከመሸ ጀምሮ እስከ ውድቅት ድረስ አዳራሹ ውስጥ አብረው ክፈፍ ሲሰቅሉ ነበር። ጀምበሯ ስትጠልቅ የት እንደነበሩ ግን አንዳቸውም ምስክር የላቸውም። እስካሁንም የጠየቃቸው ሰው የለም።

ተማሪው «ጺሙ» ይባላል። ተማሪ ይባል እንጂ የሁለት ልጆች አባት ነው፤ ጺሙም ደረቱ ጋ ይደርሳል። አዳራሹ ውስጥ መሰላል ላይ ቆሞ ሚስማር እየመታ አገኘችው።

«ጀምበሯ ስትጠልቅ? ቤቴ ተኝቼ ነበር። ባለቤቴና ልጆቼ ዘመድ ጋ ሄደው ነበር፤ ያየኝ የለም። እንግዲህ አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ እንዳይሆንብኝ» አለና ከመሰላሉ ወረደ።

«ጋሽ ጀምበር ምን ዓይነት መምህር ነበሩ?»

«ቆጣ ቆጣ ይላሉ እንጂ ደግ ነበሩ። እኔ ቀለም ማብዛት እወዳለሁ። ‹ይኼ ጀምበር ነው ወይስ የፈረጠ ቲማቲም?› ይሉኛል።» ሳቀ፤ ሳቁ መሐል ላይ ተሰበረና ፊቱን አዞረ። «አንድ ጊዜ ደግሞ ከኮረብታው ሥር ያለውን ጥላ ከፍ አድርጌ ድንጋዮቹን ባሳያቸው ሳምንት ሙሉ አኮረፉኝ። ‹ዓይን የሚያርፍበት ጨለማ ይፈልጋል፤ ጥቁሩን አትንኩት!› ነው የሚሉት። ከዚያ ወዲህ ነክቼውም አላውቅ።»

መርማሪዋ የመጨረሻውን ፎቶ ከስልኳ ላይ አሳየችው። ጺሙን እያሻሸ ብዙ አየው።

«ቀለሙ የጋሼ ነው። ግን ይኼ ሣር ምን ይሠራል እዚህ? ጥቁር መሆን ነበረበት። ደክሟቸው ይሆናል፣ ነፍሳቸውን ይማር።»

የአዳራሹ ባለቤት ቢሮዋ ውስጥ ነበረች። ወለል የምትጠርገው ሴት ቀድማ ስለሄደችባት፣ ጀምበር ስትጠልቅ ብቻዋን ራሷ መጥረጊያ እንዳነሳች በምሬት ተናገረች።

«ፎቶ ማስተካከል ይችላሉ?»

«እኔ? እኔ የስልኬን ድምፅ መቀነስ እንኳ ሰው ለምኜ ነው!» አለች። ቀጥላም ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ግን አንድ ነገር ልንገርሽ። ያን ዕለት ጠዋት ደውሎልኝ ነበር። ‹በር ላይ የሚሰቀለውን ሰሌዳ እንዳታስጽፊው፤ ከስሜ ጎን የሚጻፍ ስም አለ። መጀመሪያ ወንድሜን ላናግረው› አለኝ። የወንድሙን ስም ሊያስጽፍለት መስሎኝ ደስ አለኝ። ያ ሰው እኮ ዕድሜውን ሙሉ የወንድሙን ፎቶ ሲያትም የኖረ ነው።»

ታናሽ ወንድሙ ማተሚያ ቤቱ ውስጥ ወረቀት ይቆርጣል። ቀጭን፣ ጨዋ ሰው ነው። ወንበሩን በመሐረቡ ጠርጎ አስቀመጣት። ጀምበሯ ስትጠልቅ እዚሁ በሩን ዘግቶ ወረቀት ሲቆርጥ እንደነበር ነገራት።

ጠረጴዛው ላይ ሁለት ትላልቅ ህትመቶች ተዘርግተዋል። ፎቶው አንድ ነው፤ አንደኛው ግን ታቹ ጥቀርሻ መስሏል።

«ይኼኛው ለምን ጠቆረ?»

«እንዲሁ እንደመጣ ያተምኩት ነው፤ ለማነጻጸር» አለ፣ ስለ ሥራው በመጠየቁ ትንሽ እየተፍታታ። «ስክሪን ከኋላው መብራት አለው፤ ወረቀት የለውም። ወረቀት ብርሃን ይጠጣል። ስክሪን ላይ ያማረ ጥላ እዚህ ሲመጣ ድፍን ይሆናል። ስለዚህ ከማተሜ በፊት ስክሪኔን እንደ ወረቀቱ አደበዝዘውና ጥላውን ትንሽ አነሳለታለሁ። ያኔ ሲታተም ልኩን ይይዛል።»

«ሁልጊዜ?»

«እጄ ለምዶታል። ሳላስበው ነው የማደርገው።» ፈገግ አለ። «ወንድምጋሼ ‹ጥቁሩን አትንኩት› እያለ ሲፎክር፣ የእሱ ጥቁር ግድግዳ ላይ የሚያምረው እኔ ስለነካሁት መሆኑን መች አወቀ!»

«ዓይናቸውስ እንዴት ነበር?»

«ዓይኑ?» አለ ግራ ገብቶት። «ዓይኑማ የንስር ነበር። ምነው?»

«እንዲሁ ነው» አለች መርማሪዋ። ወንበሩን በመሐረቡ የጠረገላትን ሰው ሁለተኛ ማየት ከበዳት፤ አመስግናው ወጣች።

ከዚያ ወደ ሐኪሙ ሄደች። የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰውየው እንደወደቀ ነው ወይ የሞተው?

«አይደለም» አለ ሐኪሙ። «ዳሌው ተሰብሯል፤ መንቀሳቀስ አይችልም ነበር። ግን ጥቂት ሰዓታት ኖሯል። የጨረሰው ብርዱ ነው። እጁን የተንተራሰው እኮ ራሱ ነው።»

መርማሪዋ መኪናዋ ውስጥ ገብታ ወደ አዛዡ ደወለች።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ስቱዲዮው ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ጺሙ በሩ አጠገብ ቆመ፤ የአዳራሹ ባለቤት መስኮቱ ጋ ተቀመጠች፤ ወንድሙ ከሟቹ ሚስት ጎን ወንበር ስቦ «እትዬ፣ በርቺ» አላት። አዛዡም «ለምን»ዋ የት እንዳደረሳት ለማየት መጥቷል። የሟቹ ወንበር አሁንም ባዶ ነው። ስክሪኑ ላይ የመጨረሻው ፎቶ ተከፍቷል።

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል» አለች መርማሪዋ። «ይኼኛው ሲጠራ ግን ማንንም ደስ አያሰኝም። ጋሽ ጀምበር ራሳቸውን አልገደሉም። በጨለማም አልወጡም። ዓይናቸው ሊጠፋ የተቃረበ ሰው ነበሩ፤ ከመሸ ከደጃፍ አያልፉም።»

ጺሙ አፉን ያዘ። ወንድሙ ወደ እትዬው ዞረ። «ዓይኑ? የማን ዓይን?» አለ።

«የወደቁት እዚያው፣ ጀምበሯ እንደጠለቀች ነው። የሞቱት ግን እኩለ ሌሊት ነው። ሐኪሙ የሞቱበትን ሰዓት ነገረን፤ እኛ የወደቁበት አድርገን ወሰድነው። ስለዚህ ወደ ቤት አልተመለሱም። ካርዱን ከካሜራው ያወጣው፣ እዚህ መጥቶ ፎቶውን ያስተካከለው፣ ተመልሰው ገብተዋል፣ የወደቁትም እሱ ምስክር ባለው ሰዓት ነው እንድንል የፈለገ ሌላ ሰው ነው።»

«ማን?» አለ አዛዡ።

«ጋሽ ጀምበር ቢያስተካክሉት ሰማያዊ ይሆን ነበር፤ ለእሳቸው ዓይን ሰማዩ የሚጠራው ሰማያዊ ሲጨመርበት ነው። ባለቤታቸው ደግሞ ዘወትር በላዩ ደርበው ያርሙታል። ሐሰቱን የሠሩት ባለቤታቸው ቢሆኑ ኖሮ ሰማያዊውን አይረሱም፤ ስክሪኑንም እንደ ልማዳቸው እስከ ጫፍ ይመልሱት ነበር። ይኼን የሠራው ሰው ስለ ሞራውም ስለ እርማቱም የማያውቅ ነው። ግድግዳ ላይ የሚታየውን ቀለም የጋሽ ጀምበር እጅ ብሎ ያመነ፣ ያንኑ አስመስሎ የሠራ።»

«እንግዲህ ሦስት ቀረን ማለት ነው» አለች የአዳራሹ ባለቤት በፍርሃት።

«እርስዎ ፕሮግራሙን መክፈት አይችሉም። ጺሙም ይኼን ጥላ ከፍ አያደርግም፤ አንዴ አድርጎት ሳምንት ሙሉ ተኮርፏል። መምህሩን ለማስመሰል የሚፈልግ ተማሪ መጀመሪያ የሚጠነቀቀው ጥቁሩን ነው።» ወደ ስክሪኑ አመለከተች። «ይኼን የሠራው ሰው ግን ስክሪኑን እንደ ወረቀት አደበዘዘ። ከዚያ ጥላውን ትንሽ አነሳ። ሊዋሽ ነው የተቀመጠው፤ እጁ ግን ለህትመት አዘጋጀው።»

ማንም ስም አልጠራም። ታናሽ ወንድሙ ሁለት እጆቹን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ያያቸዋል፤ የሌላ ሰው እጅ ይመስል።

«ስም ልጨምር ነው ብሎ ነው የጠራኝ» አለ በመጨረሻ። «መጀመሪያ የታወቀባትን ፎቶ፣ ዛሬ በየባንኩ ያለችውን፣ ያነሳኋት እኔ ነኝ። እሱ ታሞ ተኝቶ ነበር። በእሱ ስም ወጣች፤ እኔም ወንድሜ ነው ብዬ ዝም አልኩ። ሠላሳ ዓመት አንድ ቀን ያነሳዋል ብዬ ጠበቅኩ። ገደሉ ላይ ፎቶውን አንስቶ ሲጨርስ እጁን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገና ‹የሚስቴን ስም ከስሜ ጎን እንጽፋለን› አለኝ። እስኪጨርስ እኮ ፈገግ ብዬ ነበር! እጁን ከትከሻዬ ላይ ወርውሬ ጥዬው ዞርኩ። ሁለት እርምጃ ሲራመድ ሰማሁ፤ ከዚያ ድንጋይ ሲንከባለል። ማየት እንደማይችል ማን ነገረኝ? ማን ነገረኝ!»

«ከዚያስ?»

«ጠራሁት። አልመለሰልኝም። ገፍትሮ ገደለው ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። ካርዱን አወጣሁ።»

«ሌላ ምንም አልሰሙም?»

«ከኋላዬ አንድ ድምፅ የሰማሁ መሰለኝ» አለ። «ነፋስ ነው አልኩ።»

«ነፋስ አልነበረም» አለች መርማሪዋ። ይህን መናገር አልፈለገችም ነበር፤ ሳይነገር የሚቀር ነገር ግን አልሆነም። «እዚህ ተቀምጠው ጥላ ሲያነሱ፣ አዳራሹ ውስጥ ሚስማር ሲመቱ፣ ወንድምዎ በሕይወት ነበሩ። ሰው ቢጠሩላቸው ይተርፉ ነበር።»

ሰውየው አላለቀሰም። ከወንበሩ ወደ ወለሉ ዝርግፍ አለና «ወንድምጋሼ» አለ፣ አንድ ጊዜ ብቻ። ጺሙ ነው ሊያነሳው ጎንበስ ያለው።

ባለቤቱ ከበርጩማዋ አልተነሳችም። አዛዡ ሊወስደው ሲቀርብ እጇን አንስታ አስቆመችው።

«አንድ ነገር ንገረኝ» አለች። «ስሜን ለምን ሊጽፍ ፈለገ?»

ወንድሙ ቀና ሳይል መለሰላት። «‹የማትናገረው ሥራ ትሠራልኛለች፤ አላውቅም መስሏታል፤ እኔም ደስ እንዲላት ዝም ብያለሁ› አለኝ። እኔ ሻንጣ ማዘጋጀትሽን፣ ቤት መያዝሽን መስሎኝ ነበር፣ እትዬ። ሻንጣ ላዘጋጀ ስም ይጻፋል ወይ ብዬ ነው የተቃጠልኩት።»

እሷም ያኔ አለቀሰች፤ ከአንጀቷ፣ ድምፅ አውጥታ። አውቆ ነበር። አውቆ አላፈረባትም፤ እንዲያውም በየቀኑ ለምሳ ሲነሳ ወንበሩን ይለቅላት ነበር ማለት ነው።

ኤግዚቢሽኑ ዘግይቶ ተከፈተ። በሩ ላይ የባልና የሚስት ስም ጎን ለጎን ተጽፏል። መግቢያው ላይ በተሰቀለችው የድሮ ፎቶ ሥር ደግሞ የታናሽ ወንድሙ ስም ለብቻው ሰፍሯል። ይህን ያስጻፈችው የሟቹ ሚስት ናት። ጺሙ «እትዬ፣ እንዴት አስቻለዎት?» ሲላት «ያነሳው እሱ ነዋ» አለችው።

ከመክፈቻው በፊት፣ ባሏ ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ስቱዲዮው ውስጥ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ነበር። የስክሪኑን ብርሃን እስከ ጫፍ ከፍ አደረገች። ከመጨረሻው ፎቶ ላይ የወንድሙን ማስተካከያ አጠፋች። ከድንጋዩ ሥር ያለውን ጥቁር እንደ ጥቁርነቱ ተወችው። ከዚያ፣ ሰማያዊውን ጨመረች፤ እሱ በሚያቆምበት ቦታ አቆመች። በላዩ ምንም አልደረበችም።

መርማሪዋ ወደ ማምሻው መጣች። የመጨረሻው ግድግዳ ላይ ያ ፎቶ ብቻውን ተሰቅሏል፤ ሰዎች ከበውት ይንሾካሾካሉ። አንድ ጎልማሳ ወደ እሷ ዘንበል ብሎ «ይኼ ለምን ሰማያዊ ሆነ?» አላት።

መርማሪዋ ለዚህ ጥያቄ መልስ መስጠት የእሷ ፋንታ እንዳልሆነ አወቀች። ከኋላቸው ቆማ የነበረችው የሟቹ ሚስት ናት የመለሰችው።

«ጀምበር ለእሱ የምትጠራው እንዲህ ስትሆን ነው» አለች።